ከቦዩ በላይ የተሣለው ማሳ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሜሮን፣

ሰላምታውን ከዚህ ደብዳቤ አውጥቼዋለሁ፤ ንዴቴ ሲበርድልኝ ለብቻው እልክልሻለሁ። «ጋሼ፣ የሚጮሁብኝ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ስቀይስ ስንት አለቃ ተቆጥቶኛል፤ ስልክ የዘጋብኝ ግን የለም። እሺ፣ ይኸው ጻፍሁ። ወረቀት ሲጮህብሽ በምን እንደምትዘጊው እናያለን።

ከመዝጋትሽ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ችግሩ ካርታው ላይ ነው። አይ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለመስኖ ማኅበራችን የሠራሽው ካርታ ቢሮው ላፕቶፕ ላይ አለ። ኢንተርኔት ስለሌለ አንቺው ራስሽ ፕሮግራሙን ጭምር በፍላሽ ልከሽ፣ በብራውዘር ብቻ እየተከፈተ እንዲታይ ያደረግሽው ነው። ባለፈው ወር አዲሱ ቦይ ሲያልቅ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰበሰበና «ከእንግዲህ የውኃ ተራ በካርታው ይሁን፤ ማሳው ከቦዩ በታች የሆነ ውኃ ያገኛል፣ ከቦዩ በላይ የሆነ አያገኝም» ብሎ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ድሮ የውኃ አባቱ ማሳ ለማሳ እየዞረ በቃል ሲያድል ስንት ሰው ዱላ እንደተማዘዘ ታውቂያለሽ።

ካርታሽ ተከፍቶ ሲታይ የአሊዪ ማሳ ከቦዩ በላይ ሆኖ ተገኘ። የማን እንደሆነ ልድገምልሽ፦ የአሊዪ፣ በጀውሃ መንገድ በኩል ያለው፣ በልጅነትሽ ሸንኮራ እየቆረጠ ይሰጥሽ የነበረው ሰው። ቦዩ የሚያልፈው በማሳው ራስጌ ነው። ውኃው ሲወርድ መደቡ ላይ ቆሞ ድምፁን ይሰማል። ካርታው ግን «አንተ ከላይ ነህ» ይለዋል። ዘንድሮ ማሳውን እንዳለ ሽንኩርት ነው የተከለው። የውኃው በር ከተዘጋበት ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው።

የውኃ አባታችን አሁን አስፋው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ስለምነው «በዓይን እንየው ካልን ነገ አርባ ሰው በዓይን እዩልኝ ይለኛል፤ ለዚያ አይደል ወይ ካርታ ያመጣነው» አለኝ።

ከዓመታት በፊት እናትሽ ከአጣዬ ሸሽታ በእግሯ የመጣች ጊዜ በማን ቤት ነበር የከረመችው? ይህን ልጽፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ጻፍሁት።

አስተካክይው። ፕሮግራሙ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ነው ብለሽኝ ነበር። ባለቤት የሌለው ከብት ማለት ነው እንግዲህ። የሰው አዝመራ ውስጥ ሲገባ የሚጠየቅለት የለም።

ይህን የሚያደርስልሽ ደረጄ ነው፤ በየሳምንቱ ሽንኩርት ጭኖ ወደ እናንተ የሚመጣው ባለ አይሱዙ። መልሱንም ለሱ ስጪው፤ ስልክ ብትደውዪ አላነሣም።

አጎትሽ ወልደማርያም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰው ቢናደድም ሰላምታ አያስቀርም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ እኔ አላስቀረሁም።

ስልክ መዝጋቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለጊዜው ያለኝ ይቅርታ ይኸው ነው።

የእናቴን ነገር ባያነሡት ይሻል ነበር። ጋሽ አሊዪ ቤት አርባ ቀን ነው የከረመችው። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስልክ አልሠራ ብሎኝ በየቀኑ እየደወልኩ።

ስለ ፕሮግራሟ የጻፉት አናድዶኛል። ባለቤት አላት፤ ስድስት ነን። ተያይተን አናውቅም፤ አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዷ ጡረታ የወጣች መርከበኛ ናት። ከስድስታችን አንዳችን ስንሳሳት ስማችን ከስሕተታችን ጎን ተጽፎ ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ቀኑ ሰዓቱ ሳይቀር። እርስዎ ከሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ነበረ ወይ?

የፕሮግራሟ ሥራ አንድ ነው። ምድር ድቡልቡል ናት፣ ስክሪን ደግሞ ዝርግ ነው። ድቡልቡሉን ዝርግ ማድረግ ቅል ሰብሮ ጠረጴዛ ላይ እንደማንጠፍ ነው፤ በስሌት ካልሆነ አይሆንም። ይህን ስሌት ብራውዘሩ ውስጥ የምትሠራው እሷ ናት። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስሌቱ ላይ ስሕተት አላገኘሁም። የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ግን እስካረጋግጥ አልጽፈውም።

ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ካርታው ሲከፈት ከኋላው የሳተላይት ፎቶው ይታያል? የሌሎቹ ሰዎች ማሳስ በቦታው ነው?

ጋሽ አሊዪን ሰላም ይበሉልኝ።

ሜሮን


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሮን፣

ጉልበቴ እንደ ሁልጊዜው ነው። ለሰላምታ ይህ ይበቃል።

ፎቶ የለም። ፎቶው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው ብለሽ ነበር፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። ነጭ ገጽ፣ በላዩ ሰማያዊ የቦይ መስመር፣ ከዚያ ቀያይ የማሳ መስመሮች፣ በቃ። ስለ ሌሎቹ ማሳ ለጠየቅሽኝ፣ የጮኸ የለም። ውኃው የደረሰው ሰው ካርታ ምን ገዶት ያያል? ስሙ ከቦዩ በታች ካለ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ቢጻፍም ግድ የለውም።

የውኃ ተራውን ዝርዝር ማን ፈረመበት ብለሽ የጠየቅሽበትን፣ ደረጄ በእጄ የሰጠኝን ቁራጭ ወረቀትሽንም አይቻለሁ። ዝርዝሩን ያጸደቀው ኮሚቴው ነው። የእያንዳንዱን ሰው ስም መጠየቅሽ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አሊዪ በሁለት አህያ ከወንዙ በጄሪካን ውኃ እያመላለሰ ነው። ግማሹን ማሳ ትቶ ግማሹን ለማዳን ነው ሐሳቡ። የተተወው በኩል ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። ሰላምታሽን አላደረስሁለትም፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ከአዲስ አበባ ሰላም ትልሃለች ማለት አልሆነልኝም።

ትናንት ሚስቱ ሐቢባ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም። ደጃፍ እንደቆመች «ጋሽ ወልደማርያም፣ እርስዎ አሉ ብለን ነው ዝም ያልነው» አለችኝና ሄደች።

ገበያ ላይ ደግሞ ሰው ለነገሩ ሌላ ስም መስጠት ጀምሯል። ከኮሚቴው ስምንት ሰው ሰባቱ ክርስቲያን ነው፣ ውኃ የተዘጋበት ግን እስላሙ ነው እየተባለ ነው። አሊዪ ራሱ እንዲህ ሲል የሰማው የለም። የሚሉት ሽንኩርት ተክለው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ምን እንደሚያመጣ ለአንቺ አልነግርሽም። ይህን ስሰማ እንጨት ተራ ሳልደርስ ከመንገድ ተመለስሁ።

አንቺ ደግሞ የምትጠረጥሪውን ደብቀሽ የኔን ትጠይቂኛለሽ። ተጫወችብን።

ወልደማርያም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አልተጫወትኩብዎትም።

አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የድሮ ቀያሾች የተከሏት የሲሚንቶ ምልክት አለች፤ በልጅነቴ አሳይተውኝ ነበር። የቦታ ቁጥሯ፣ ኮኦርዲኔቷ ማለቴ ነው፣ በደብተርዎ አለ። ስልክዎን ይዘው ይውጡና ምልክቷ ላይ ያስቀምጡት። ስልኩ ላይ የጫንኩልዎት የጂፒኤስ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የሚያሳየውን ቁጥር ከደብተርዎ ቁጥር ጎን ይጻፉልኝ። አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ይለኩት።

ለምን እንደምጠይቅዎት እነግርዎታለሁ። የቦዩን መስመር ያስገባሁት ባለፈው ዓመት መሐንዲሶቹ በስልክ ጂፒኤስ ለክተው ከላኩልኝ ነው። ማሳዎቹን ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ከእርስዎ ደብተር ነው ያስገባሁት። ሁለቱ ከአንድ መነሻ ካልተለኩ አንዱ ከሌላው ይሸሻል።

ጉልበትዎ ለዳገቱ እምቢ ካለ ሰው ይላኩ። እባክዎ ሳይቆጡ ያድርጉት። ደግሞም ቁራጯ ወረቀት ላይ የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም።

ሜሮን


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሜሮን፣

ሁዳዴ ትናንት ገብቷል። በጾም አፌ ሰው እንዳልሰድብ አሳጥሬዋለሁ።

በእግሬ ወጣሁ። ሦስቴ ለካሁ። ስልኩ ከደብተሬ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ስድስት ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ዘጠና ሁለት ሜትር ይበልጣል። በየመሀሉ ሦስት አራት ሜትር ይዋዥቃል፤ ስልክ ነው፣ አይፈረድበትም።

ሳየው ገባኝ። አዲንዳን ነው። አንቺ ስለማታውቂው ልንገርሽ። የዚህ አገር የድሮ ካርታ ሁሉ የሚቆጠረው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አዲንዳን ከተባለ ቦታ ተነሥቶ ነው። ቦታው ዛሬ በግድብ ውኃ ሥር ነው። ሳተላይቶቹ ደግሞ ሌላ መነሻ አላቸው። ማሳዎቹን የለካሁበት የእጅ ጂፒኤሴ ሥራ ስጀምርበት በአዲንዳን እንዲቆጥር ተሞልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። አንቺ ቁጥሩን እንደ ሳተላይት ቁጥር አድርገሽ አስገባሽው፣ ማሳዎቹ ሁሉ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሸሹ። የአሊዪ ጠርዝ ላይ ስለነበረ ዘልሎ ቦዩን ተሻገረ።

ይህን ከማስገባትሽ በፊት መጠየቅ ነበረብሽ። በምን መነሻ ነው የለኩት ብለሽ አንዲት ጥያቄ። ለምን አልጠየቅሽኝም? ቀያሽ ያልሆነ ሰው ካርታ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሆነው። በዚህ ሳምንት ረመዷን ይገባል፤ አሊዪ እየጾመ ውኃ ሊሸከም ነው።

ወልደማርያም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታዬን አስቀርቻለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ኮፒ ይመልከቱት። የእጅ ጽሕፈቱን ያውቁታል። ግንቦት 2014 ላይ የማሳዎቹን ቁጥር ከላኩልኝ በኋላ «ጋሼ፣ እነዚህ በአዲንዳን ናቸው ወይስ በሳተላይቱ መነሻ?» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። መልስዎ ይኸውልዎት፤ እዚህም ልገልብጠው፦ «በጂፒኤስ ነው የለካሁት። ሳተላይት ሳተላይት ነው። ቀያሹ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? የተሰጠሽን አስገቢ።»

የተሰጠኝን አስገባሁ።

ይህ ወረቀት ሦስት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ስልክ የዘጋሁብዎ ቀን ራሱ በእጄ ይዤው ነበር። «ልጅቷ አበላሸችው» እያሉ ሲጮሁ ላነብልዎት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አክብሬዎት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፈርቼዎት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራዎት ነው የኖርኩት፣ በዚህም በራሴ ተናድጃለሁ።

እኔም ጥፋት አለብኝ። መልስዎን ሳነብ አላመንኩዎትም ነበር። አለማመኔን ግን የትም አልጻፍኩም። ካርታው ላይ «መነሻው አልተረጋገጠም» የምትል አንዲት መስመር ባስቀምጥ ኖሮ የማንም በር አይዘጋም ነበር። አጎቴን በአደባባይ የምጠራጠር እንዳይመስልብኝ ብዬ ተውኩት። ጋሽ አሊዪ ውኃ የሚሸከመው በእርስዎ ኩራትና በእኔ ይሉኝታ ነው።

አሁን ሥራው። ፍላሽ አልላክሁም፤ ባለፈው ደረጄን ኬላ ላይ ሁለት ሰዓት አቁመውታል። ፍላሽ አያስፈልግምም። ኮዱ ክፍት ነው ስልዎት የነበረው ለዚህ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ከፍተው ማረም ይችላሉ። የካርታው ማኅደር ውስጥ «ማሳ» የሚል ፋይል አለ። ይክፈቱትና አሥራ ሰባተኛውን መስመር አጥፍተው፣ በሌላው ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩልዎትን በቦታው እንዳለ ይገልብጡት። ዋናዎቹ መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች ናቸው፦ ሲቀነስ 165፣ ሲቀነስ 11፣ ከዚያ 206። ከአዲንዳን ወደ ሳተላይቶቹ መነሻ የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ እንዳይረሱ።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። ዝርዝሩ ላይ የፈረመው ማን ነው?

ሜሮን


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሜሮን፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አፈርሁና ተውሁት።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደረጄ ያደረሰኝ መጋቢት 4 ቀን ነው። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ መልስሽ ሲቀር «ይኸው፣ አጥፍታለችና መልስ አጣች» እያልሁ በየደጁ ሳወራ ነበር። ወረቀቱን ሳየው ቀደድሁት። ቀድጄ ስጨርስ ኮፒ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ዋናው አንቺ ዘንድ ነው። ቁርጥራጩን ለቅሜ በፕላስተር አጣበቅሁት።

የፈረምሁት እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው፣ «በቀያሽ የተረጋገጠ» ከሚለው ጎን። ሁለቴ የደበቅሁሽ ይህንን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሄድሁ። አስፋውን አጠገቤ አስቀምጬ መስመሩን በአንድ ጣት መታሁት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ገጹ ባዶ ሲሆንብኝ ላፕቶፑን ሰደብሁት። እንደገና ፊደል በፊደል ከወረቀትሽ ጋር አመሳከርሁ። ደግሜ ስከፍተው ቀያዮቹ መስመሮች ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሄደው ተቀመጡ። የአሊዪ ማሳ ከቦዩ በታች፣ ራስጌው ቦዩን ተደግፎ፣ እግዜር እንዳስቀመጠው።

አስፋው ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ግን «ጋሽ ወልዴ፣ ስሕተቱ ከአዲስ አበባ ነው እንበልና እንለፈው። ልጅቷ እዚህ የለችም፣ ምን ይነካታል?» አለኝ። ለኔ አስቦ ነው። በሩን ወዲያው እንክፈት ብለው «ጉባኤ የዘጋውን ጉባኤ ይክፈተው፣ እሁድ ከነገ ወዲያ ነው» አለኝ። በሱ ተናደድሁ፤ ባለፈው ግን ያንኑ ደንብ ሲያጠብቅ ያጨበጨብሁለት እኔ ነበርሁ። ስሕተቱ ከአዲስ አበባ ነው እንበል ያለኝን ግን ከቢሮ እስከ ቤቴ ድረስ አሰብሁበት። አልዋሽሽም፣ ጥሞኝ ነበር።

ትናንት እሁድ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኛም እነሱም ጾመኞች ነን፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ሰው ሁሉ ለጠብ የተዘጋጀ ነው። ተነሥቼ ያንን የተጣበቀ ወረቀት አነበብሁላቸው። «ቀያሹ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ» የሚለው ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ፊርማዬን አሳየኋቸው። በሃይማኖት አይደለም፣ በአዲስ አበባ ልጅም አይደለም፣ በኔ ነው አልሁ። እንዲህ ካልሁ በኋላ እንኳ ይገርምሻል፣ ውስጤ «እውነቱን ተናግረሃልና አሁን ያመሰግኑሃል» ይለኝ ነበር።

አሊዪ ተነሣ። ከስቷል። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ወልዴ፣ ያንን ማሳ በእግርህ ዞረህ የለካኸው አንተ ነህ። ገመዱን ያዝሁልህ፣ ምሳችንን እዚያው በላን። ወላሂ፣ የማሳው ቦታ ጠፍቶህ ነው የፈረምኸው?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሩ ከቀትር በኋላ ተከፈተ። አሊዪ አካፋውን ይዞ ውኃውን በየመደቡ ሲመራ ከሩቅ አየሁት። የማሳው ግማሽ ሞቷል፣ ውኃው በደረቀው ላይም አለፈ።

ወልደማርያም


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ።

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ንዴቴ አልወጣልኝም፤ በየደጁ ስላወሩብኝ ነገር አንድ ቀን በአካል እንነጋገራለን። ወረቀቱን በጉባኤው ፊት ስላነበቡት ግን አመሰግንዎታለሁ። እኔ በቦታዎ ብሆን ማንበቤን እንጃ።

ፕሮግራሟ ላይ አንድ ለውጥ ጽፌ ለአምስቱ ጓደኞቼ አቅርቤያለሁ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ኮኦርዲኔት ሲያስገባ «በምን መነሻ የተለካ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ እስኪመልስላት ድረስ አንድ መስመር እንኳ አትሥልም። አላውቅም ካለ ደግሞ «አልተረጋገጠም» ብላ ካርታው ላይ በቀይ ትጽፋለች፤ የሚያጠፋው የለም። አስተማሪው «ሰው ይናደድባታል» ብሎ ተከራከረኝ። ይናደድ አልኩት። ጥያቄው በአማርኛም ተጽፏል።

ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ አብሮ ይገባል፤ ስሕተቱ ምን እንደነበረና የማን እንደነበረ። ነግሬዎት ነበር፣ ዓለም የሚያየው ነው። የኔ ስም አለበት። የሌላኛውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። «አንድ ቀያሽ» ብዬ ማለፍም እችላለሁ። እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳይጽፉልኝ አልፈዋል። ለጋሽ አሊዪ ምን ብለው መለሱለት?

ሜሮን


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለሜሮን፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? በሩቅ ሆነሽ ጾሙ እንዴት አድርጎሻል? ከየካቲት 3 ጀምሮ ያስቀረሁብሽን ሰላምታ ሁሉ አንድ ላይ ልኬልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ከጉልበቴ በቀር።

ስሜን ጻፊው። ወልደማርያም ብቻ እንዳይሆን፣ ከነአባቴ ስም። መጠየቅሽንም፣ የመለስሁልሽንም ቃል በቃል አስገቢው። ያ አስተማሪ ሰው ይናደድባታል ካለሽ እውነቱን ነው፤ እኔ የመጀመሪያው ተናዳጅ ነበርሁ በይው።

ለአሊዪ ምንም አልመለስሁለትም። ጠፍቶኝ ነው ብል ውሸት ነው። አልጠፋኝም ብል ደግሞ ለምን ፈረምህ ይለኛል። ለአንቺ ልንገርሽ፦ ማሳው የት እንዳለ አውቅ ነበር። ስፈርም አውቅ ነበር። ስክሪኑ ሌላ ሲናገር ግን፣ በዚያ ሁሉ ወጣት ፊት ሽማግሌው በዓይኑ ይቀይሳል እንዳይሉኝ ፈራሁ። ኮምፒዩተሩ ሳይሳሳት አይቀርም ብዬ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የፈረምሁት በሁለት ሰከንድ ነው። በራሴ እንጂ በሌላ በማንም አልተናደድሁም፤ ከየካቲት ጀምሮ የጮኸብሽ እሱ ንዴት ነው። ይቅር በይኝ።

በደረጄ መኪና አንድ ኩንታል ሽንኩርት ይደርስሻል። ከኔ አይደለም። አሊዪ ነው ከዳነው ግማሽ ነቅሎ፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይደርቅ፣ ደረጄ ዘንድ ያደረሰው። «ለልጅቷ ስጣት፣ ለእናቷም ሰላም በልልኝ» ብሎታል። ደረጄ ለጋሽ ወልደማርያምስ የምትለው አለ ወይ ቢለው ኩንታሉን ወደ መኪናው ገፋለትና ሄደ።

ሐቢባ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ እግሯን ግን አታቆምልኝም። አስፋው ይረሳል፣ ጊዜ ስጠው ይለኛል። እኔ በየጠዋቱ በቦዩ ዳር ወርጄ በአሊዪ ማሳ ራስጌ አልፋለሁ። ስልኬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው። «እንደምን አደርህ» እለዋለሁ፤ እሱ ውኃውን ወደሚቀጥለው መደብ ይመልሳል።

አጎትሽ ወልደማርያም